በሻምበሉ ለቅሶ ላይ የወጣው ጎራዴ

አንድ የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ በኋላ መምህሩን ለብቻቸው ጠብቆ፣ «የኔታ፣ የባልንጀራዬን ቅኔ የራሴ አስመስዬ በበዓል ቀን ተቀኘሁ፤ ሰውም አደነቀኝ። ለነፍስ አባቴ ነግሬ ቀኖናዬን ጨርሻለሁ። አሁንም ለሰው መናገር ግድ ነው ወይ?» አላቸው። የኔታም እንዲህ አሉት፦

አንድ የእህል ነጋዴ ነበረ። ገንዘብ አልቸገረውም፤ የቸገረው አያት ነው። አያቱ ሸማኔ ነበሩና ስማቸውን መጥራት ያፍር ነበር። አንድ ቀን ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የድሮ የመኮንን ጎራዴ ገዛና እልፍኙ ውስጥ ሰቀለው። እንግዳ «የማን ነው?» ሲለው «የአያቴ» አለ። ከአፉ አመለጠችው፤ ከዚያማ ማን ይመልሳት! ሸማኔው አያት እያደር ማዕረግ አገኙ፣ ጦር መሩ፣ ቆሰሉም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሱ ግን ከበደውና ለነፍስ አባቱ ተናገረ። ጾመ፣ ሰገደ፣ ጨረሰ። ጎራዴው ግን ከግድግዳው አልወረደም።

የልጁ ክርስትና ዕለት አንድ ጡረተኛ ሻምበል ተጠርተው መጡ። ጎራዴውን ሲያዩ የያዙት ጉርሻ እጃቸው ላይ ቀረ። «ሻምበል፣ እርስዎ ያውቁበታል፤ የአያቱ ጎራዴ እንዴት ነው?» አላቸው አንዱ። እሳቸውም ተነሥተው አፎቱን በመዳፋቸው ዳሰሱና «መልካም ጎራዴ ነው፤ በደህና ይዞታል» ብለው ወደ መቀመጫቸው ተመለሱ።

ነጋዴው ሊሸኛቸው በር ድረስ ሲወጣ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ባለቤቴ ስትታመም ነው የሸጥኩት፤ ልጃችን ገና ሕፃን ነበረች። አልቀየምህም። ብቻ ስሞት ለአንድ ቀን አውሰኝ። የወታደር ለቅሶ መሣሪያው ካልወጣበት ምኑን ለቅሶ ሆነ?»

ነጋዴው መሬት ብትውጠው በወደደ። «እሺ አባቴ» አለ።

ሻምበሉ በክረምቱ ሞቱ። ምስጢሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ቢቀርም ጠያቂ የለበትም። እሱ ግን አልቀረም፣ ጎራዴውን ይዞ ሄደ። ጉዱ የፈላው እዚያ ነው። ለቀስተኛው «እዩት እንጂ! ለሻምበል ክብር ብሎ የአያቱን ጎራዴ አወጣላቸው» እያለ ይመርቀው ገባ። አልቃሿም ጎራዴውን ተቀብላ፣ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ በነጋዴው አያት ስም ሙሾ ታወርድ ጀመር። የሻምበሉ ልጅ ጥግ ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ በገዛ አባቷ ለቅሶ ላይ የሚጠራው የሌላ ሰው ስም ነው። ነጋዴው እሷን ሲያይ አንጀቱ አልቻለም።

«ተዪ! ተዪ እባክሽ!» ብሎ መሀል ገባ። «ይህ ጎራዴ የሻምበል ወንድይፍራው ነው! ቸግሯቸው ሸጡት፣ እኔ ገዛሁት። የእኔ አያት ሸማኔ ነበሩ። ዋሽቻችኋለሁ።»

አንዳንዱ አፉን ይዞ ሳቀ፤ ይሳቅ። ልጅቷ ጎራዴውን ታቅፋ «አባዬ!» ብላ ስትጮህ ግን የሳቀውም ጭምር አለቀሰ። አልቃሿ ሙሾዋን በሻምበሉ ስም እንደ አዲስ ጀመረች። ነጋዴውም ጎራዴውን ለልጅቷ ትቶላት ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ገባ።

የኔታ ይህን ብለው ተማሪውን ቀና ብለው አዩት።

«አየህ ልጄ፣ ጾሙና ስግደቱ ነጋዴውን ከአምላኩ አስታርቆት ይሆናል፤ ለሻምበሉ ግን ስማቸውን አልመለሰላቸውም። አንተም እንደዚያው ነህ። ቀኖናህን ጨርሰሃል፤ ባልንጀራህ ግን የገዛ ቅኔው በስምህ ሲወደስ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ብትናገር ይሥቁብሃል፣ አልዋሽህም። ነጋዴውንም ሥቀውበታል፤ እሱን የሚቆጨው ግን ሣቁ አይደለም፣ እውነቱን ሲናገር ሻምበሉ አለመስማታቸው ነው። ያንተ ባልንጀራ ግን ይኸው በሕይወት አለ፤ ዛፉ ሥር ተቀምጦ ቅኔ እየቆጠረ ነው። ሂድ፣ ተነሥ።»