በፕላስተር የተሸፈነው ማብሪያ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው የሰው አቤቱታ መጻፍ፣ ጠባዩ የሰው አቤቱታ አለመስማት።

ይህን የተናገሩት ጋሽ ይልቃል ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሲጠግኑ ኖረው ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጥተዋል። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው የዚያው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሲራክ ነው። እንዲህ ሲል ጠይቋቸው ነበር፦

«ጋሼ፣ ሦስት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቀየርኩ። አራተኛዋም እንደነሱ አፏን ዘግታ ተቀመጠች። ማንም ምንም አይነግረኝም። ነገ ጠዋት እሷንም አሰናብታለሁ፤ ደብዳቤው ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው። ግን ሰው ምን ነካው?»

ጋሽ ይልቃል አላጽናኑትም። ፊታቸው ጠቁሮ ታሪኩን ቀጠሉ።

ሰውየው ፍርድ ቤት በር ላይ ዣንጥላ ዘርግቶ በላፕቶፕ ይጽፋል። ላፕቶፑ አሮጌ ነው። ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም እንደተጫነበት ከሰው እጅ የገዛው ነው። አቧራ እንዳይገባበት ይሰጋል። የቴሌቪዥን ሪሞት በላስቲክ ጠቅልለን የምንኖር ሰዎች አይደለን? እሱም አንድ ጠዋት ላፕቶፑን ዙሪያውን በቡናማ ፕላስተር ጠቀለለው። አጥብቆ፤ ጠርዝ ጠርዙን በአውራ ጣቱ እየተጫነ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዋይፋይ እምቢ አለ።

በዚያው ቀን አንዲት ሴት መጣች። የቤት ክርክር ነበራት። ይግባኝ የምትልበት ጊዜ የሚያበቃው በዚያን ዕለት ነው፤ ካላስገባች ቤቱ ሄደ። ሰውየው አምስት ገጽ ጻፈላት። ጥሩ አድርጎ ጻፈ፤ እጁን አልነቅፍም። የቀረው ማዶ ላለው ማተሚያ ቤት በኢንተርኔት መላክ ብቻ ነው። ማዶ ስልህ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ነው።

«ድራይቨሩ ነው የተበላሸው» አለ። ድራይቨር ማለት የዋይፋይ ካርዱንና ማሽኑን የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። ፍላሽ ይዞ ተሻገረ። ማተሚያ ቤቱ ባለው ኢንተርኔት ድራይቨር አውርዶ ተመለሰ። ጫነው። እምቢ። እንደገና ተሻገረ። ሌላ ድራይቨር። እምቢ።

እየሰማህ ነው ሲራክ? ፍላሽ ይዞ ማተሚያ ቤት ይገባል! የሴትዮዋ አቤቱታ እዚህ ማሽን ውስጥ ተቀምጦ፣ እሱ ባዶ ፍላሽ ይዞ መታተሚያው ቦታ ይመላለሳል!

«ወንድሜ፣ በዚያችው በፍላሿ አድርገህ ስጠኝና ልሂድ ላሳትመው» አለችው።

«አንቺ ስለ ቤትሽ አስቢ። ማሽኑን ለኔ ተይው።»

«ስለ ቤቴማ እያሰብኩ ነው እኮ!»

አልሰማትም። ትእዛዝ ይጽፋል፤ ማሽኑ ይመልሳል፤ መልሱን ሳያነብ ያጠፋዋል፤ ሌላ ትእዛዝ ይጽፋል። በየመልሱ መጨረሻ ላይ ያው አንድ መስመር በእንግሊዝኛ ይመጣል። ሴትዮዋ አየችው።

«ይቺ ሁልጊዜ የምትመጣው መስመር ምን ትላለች?»

«ዝም ብላ የምትመጣ ናት።»

ዝም ብላ! እንግሊዝኛ ጠፍቶት አይደለም። ከሥር የሚመጣ ነገር ይነበባል ብሎ አያስብም።

አሥር ሰዓት ሲሆን ደሙ ፈላ። «ይሄ ማሽን በጥባጭ ነው። ከሥሩ ነው የሚጸዳው!» አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ተሻግሮ የሲስተሙን መጫኛ በፍላሽ ይዞ መጣ። መጫኛው ጠየቀው፦ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነህ? ተጫነው። እንደሱ ያለ ሰው አያነብም፤ ይጫናል።

ማሽኑ አዲስ ሆኖ ተነሣ። ንጹሕ። ባዶ። ያቺው መስመር ተመልሳ መጣች።

«አሁንስ ምን ትላለች?» አለችው ሴትዮዋ።

ሊያላግጥባት ብሎ ጮክ አድርጎ አነበበላት። «‹ዋይፋዩ በማብሪያው ተዘግቷል› ትላለች! የታለ ማብሪያ? እስቲ አሳዪኝ! የታለ?»

ሴትዮዋ ጎንበስ አለች። በላፕቶፑ ጠርዝ፣ ከፕላስተሩ ሥር፣ የሽንብራ ክክ የምታክል ጉብታ ነበረች። ፕላስተሩን በጥፍሯ ላጠችው። ማብሪያዋን በጣቷ ገፋቻት። መብራት በራ። ዋይፋይ መጣ። ጠዋት ሲጠቀልል በገዛ አውራ ጣቱ የዘጋው እሱ ነበር።

«በል ላከው» አለችው።

የሚላክ ነገር አልነበረም።

አምስቱ ገጽ እንደገና ተጽፎ ሳያልቅ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አቤቱታ ተቀባዩ ሬጅስትራር ተዘጋ።

ሲራክ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ።

«ጋሼ፣ እኔ የጠየቅኩት ስለ ሠራተኛ ነው...»

«እኔም የነገርኩህ ስላንተ ነው!» አሉ ጋሽ ይልቃል ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መትተው። «ያ ሰውዬ አንተ ነህ። ድራይቨር እንደሚቀይረው፣ ሰው ቀያየርክ። የመጀመሪያዋ ጥሩወርቅ ነበረች። በመጀመሪያው ስብሰባህ ላይ ተነሥታ ‹የመዝገብ ቤቱ ጣራ ያፈሳል፣ የሰው ፋይል እየራሰ ነው› አለች። አንተ ምን አልካት?»

ሲራክ ኪሱ ውስጥ ያለውን ደብዳቤ በእጁ ዳሰሰ።

«‹ማን ጠየቀሽ?› አልካት! አዳራሹ ሳቀ። እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ስቄያለሁ፤ ዛሬ ድረስ ያንገበግበኛል። ማብሪያውን ያን ቀን ዘጋኸው። ክብሬን ብለህ በላዩ ላይ ፕላስተር ለጠፍክበት። ከዚያ ወዲያ የመጡት ሁሉ ገና ሲገቡ የሚነገራቸው ያቺ ቃል ናት። ምን ብለው ይናገሩህ? አሁን ደግሞ አራተኛዋን ልታጠፋ ነው። ጣራው ግን ዛሬም ያፈሳል። እዚያ የሚበሰብሰው ፋይል የሴትዮዋ አቤቱታ ነው፤ ማሽን ብትቀይር አይመለስልህም፣ ሰው ብትቀይር አይመለስልህም!»

ሲራክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እና ምን ላድርግ?» አለ።

«ደብዳቤውን አውጣው።»

አወጣው። ጋሽ ይልቃል ተቀብለው ገለበጡት። በጀርባው ምንም አልተጻፈበትም። መልሰው እጁ ላይ አኖሩለት።

«ነገ ጠዋት ልጅቷ ወዳለችበት አንተ ትወርዳለህ እንጂ እሷን አታስጠራም። ጥሩወርቅ ምን ብላ እንደነበር፣ አንተ ምን ብለህ እንደመለስክ በራስህ አፍ ንገራት። ከዚያ ዝም በል። የምትነግርህን እዚህ ጀርባው ላይ ጻፍ፤ ስትጨርስም መልሰህ አንብብላት።»