ለፊታውራሪው የሚስማማ አየር

ፊታውራሪ ሺበሺ የትም ቢሰፍሩ አየሩ አይስማማቸውም። ደጋ ወጥተው "ብርዱ አጥንቴ ገባ" ሲሉ፣ ደገኛው ጋቢውን ከላዩ እየገፈፈ አለበሳቸው። ቆላ ወርደው "ተቃጠልኩ" ሲሉ ደግሞ፣ ቆለኛው እርሻውን ጥሎ በየተራ ሲያራግብላቸው ከረመ። በመጨረሻ ወይና ደጋ ላይ ባለች የአንዲት ባልቴት ቤት ላይ ዐይናቸውን ጣሉ። ሴትዮዋ ምላሰኛ መሆኗን ሰምተው ስለነበር፣ እንዲሁ ከሚነጥቋት በራሷ አፍ ሊያስለቅቋት ፈለጉ።

አገሬው በተሰበሰበበት አስጠሯትና፣ "በይ ፍረጂ፤ የሚስማማኝ የት ነው? ደጋ ካልሽ በብርድ እንድሞት ተመኝተሻልና ትገረፊያለሽ። ቆላ ካልሽ ለወባ ሰጥተሽኛልና ትገረፊያለሽ። ወይና ደጋ ካልሽ ግን ጓዝሽን ሸክፈሽ ቤቱን ልቀቂልኝ!" አሏት።

ሴትዮዋ ከተሰበሰበው ሰው ማዶ ደጇ ላይ ያለችውን የኮክ ዛፍ አንዴ አየት አደረገችና እጅ ነሣች።

"ጌታዬ፣ ለእርስዎማ አገሩ ሁሉ ይስማማዎታል" አለች። "ደጋ ሲወጡ በእኛ ጋቢ ይሞቃሉ፤ ቆላ ሲወርዱ በእኛ ክንድ ይናፈሳሉ። ብርዱም ሙቀቱም እርስዎ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ የምንቀበለው እኛ ነን። ወይና ደጋውን ግን ይተዉልን፤ ደገኛው ጋቢውን ሰጥቶ ሲበርደው ወርዶ የሚሞቀው፣ ቆለኛው ሲያራግብ ውሎ ሲያልበው ወጥቶ የሚናፈሰው እኔ ደጅ ነው።"

ፊታውራሪው የደገኛውን ጋቢ ደርበው፣ ቆለኛውን እያስራገቡ ተቀምጠው ነበርና፣ ቤቱን ትተውላት በቅሎ አስጫኑ።