ጎረቤት እያለ ባትሪ?

አንድ ቀን ማለዳ፣ አቶ አጥናፉ ያቺን አሮጌ መኪናቸውን ሸጧት የሚል ወሬ ሰፈራችን ውስጥ ሲናኝ፣ ሴቶቹ እልል ለማለት ትንሽ ነው የቀራቸው። ወንዶቹ ደግሞ ወገባችንን ይዘን «ተመስገን!» አልን። ደብረ ብርሃን ኖሮ የማያውቅ ሰው ይህ ደስታ አይገባውም፤ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

የእኛ አገር ብርድ ለሰው ቀርቶ ለብረትም አይራራም። የአቶ አጥናፉ መኪና ባትሪዋ ከደከመ ቆይቷል። ውርጭ ባደረበት ጠዋት ቁልፉ ሲዞር እንደ በሽተኛ አንዴ ትቃትትና ዝም ትላለች። ያን ጊዜ አቶ አጥናፉ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ባርኔጣቸውን እንደደፉ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ጎረቤት! እስቲ ግፉኝ!» ይላሉ። እኛም ጋቢያችንን እየጣልን እንወጣለን። ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው። ልብስ ሰፊው ልሳኑ በግራው የኋላ መብራት በኩል፣ እኔ በቀኙ። ባሻ በየነ ዕድሜያቸው ስለገፋ መኪና መግፋቱ ቀርቶላቸው፣ ዳር ቆመው በዚያ ነጎድጓድ ድምፃቸው «አንድ ላይ!» ይላሉ። አቶ አጥናፉ ማርሽ አስገብተው፣ ፍሪሲዮኑን ረግጠው ይጠብቃሉ። እኛ ሮጠን ሮጠን ትንፋሻችን ሊቆረጥ ሲል እግራቸውን ያነሳሉ፤ መኪናዋ ትንፈራገጥና ትነሳለች፤ ጭሷን ፊታችን ላይ ተፍታ እብስ ነው። ከገፊዎቹ መሐል ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው «ጋሼ፣ እኔንም እግረ መንገድዎን...» ቢል መልሱ አንድ ነው፤ «ካቆምኳት ትጠፋለች!»

ድሃ ናቸው እንዳትሉ። የመጋዘን ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ቤት የሚያከራዩ ሰው ናቸው። ግን ቆንቋና ናቸው። ሻይ ቤት ሲገቡ ሻዩ ውስጥ ያልጨመሩትን ስኳር ኪሳቸው ከትተው ይወጣሉ። በዚያ ላይ የማያውቁት ነገር የለም፤ ሐኪሙን ስለ መድኃኒት፣ ቄሱን ስለ ጾም የሚያርሙ ሰው ናቸው።

«ታዲያ ለምን ትገፋላችሁ?» የሚለኝ ሰው ጎረቤት የሌለው መሆን አለበት። ጎረቤት «ግፉኝ» ካለ ይገፋል፤ አለቀ። በአንድ እድር ነን። ነገ ሐዘን ሲደርስብህ ድንኳን የሚተክልልህ እሱ ነው። አልገፋም ያለ ሰው ስሙ ይጠፋል፤ ለልጁ ሚስት ሲጠይቅ እንኳ «ያ አልገፋም ያለው ሰውዬ ልጅ ነው?» ይባላል።

በዚህ ነገር ከሁላችንም የተጎዳው ልሳኑ ነው። አንድ ብርዳማ ጠዋት ሲገፋ ወገቡ ቀጭ አለ። ወጌሻው አሽቶ አሽቶ ሲያበቃ፣ «ስማ፣ ከእንግዲህ መኪና ከገፋህ የስፌት መኪናህን ለሌላ ሰው ስጥ፤ ጎንበስ ብለህ መሥራት የሚባል ነገር አይኖርህም» አለው። የልሳኑ ቤተሰብ የሚበላው ከዚያች የስፌት መኪና ነው። ቢሆንም በማግስቱ «ጎረቤት!» ሲባል ወገቡን በነጠላ አስሮ ወጣ። በምን አፉ እምቢ ይበል?

እንግዲህ አሮጌዋ ስትሸጥ ለምን እንደተደሰትን አሁን ገባችሁ። ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። አቶ አጥናፉ ሌላ ሊገዙ ነው። ኑረዲን የሚባል የመኪና ነጋዴ ሁለት መኪና ይዞላቸው መጣ። እሳቸውም እንደ ደንቡ ጎረቤት ለምስክርነት ጠሩ፤ ልሳኑን፣ ባሻ በየነንና እኔን። መንገድ ላይ ልሳኑ ክንዴን ያዝ አድርጎ «ዛሬ የእኔ ፍርድ ቀን ነው። እንደገና የምትገፋ መኪና ከገዙ ይህን ብርድ አልወጣውም» አለኝ። ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም፤ አንጀቴን በላው።

ሁለቱ መኪኖች ሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ጎን ለጎን ቆመዋል። መንታ ነው የሚመስሉት።

«ይቺ ማኑዋል ናት፤ ያቺ አውቶማቲክ» አለ ኑረዲን። «ዋጋቸው ያው ነው። ልዩነቱ ካምቢዮው ብቻ ነው። ይምረጡ።»

አቶ አጥናፉ ዙሪያቸውን ዞሩ። ጎማውን በጫማቸው መቱት፤ ለምን እንደሚመታ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም። ከዚያ አውቶማቲኳ ውስጥ ገብተው ቁጭ አሉና ወደ እግራቸው ጎንበስ ብለው ይፈልጉ ጀመር።

«ፍሪሲዮኑ የት ሄደ?»

«የላትም ጋሼ። ነዳጅ መስጫና ፍሬን ብቻ ነው። ማርሹን ራሷ ትለውጣለች።»

«እና ግራ እግሬ ምን ይሠራል?»

«ምንም። ቁጭ ይላል።»

«በነፃ ሊሳፈር?» አሉ አቶ አጥናፉ፣ ከልባቸው ደንግጠው።

ልሳኑ ነገሩ ሊበላሽ እንደሆነ ገባው። ጠጋ አለና «ጋሼ፣ አውቶማቲክ እኮ ለጉልበት ደግ ነው ይላሉ። ዳገት ላይም ወደ ኋላ ልንሸራተት ነው ብለው አይሳቀቁም» አላቸው።

«አንተ መንጃ ፈቃድ አለህ?»

«የለኝም ጋሼ።»

«ታዲያ ስለ መኪና ምን ታውቃለህ?»

«በመሪው በኩል ምንም አላውቅም። በኋላዋ በኩል ግን ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚስተካከለኝ የለም።»

ባሻ በየነ ሳቃቸው አመለጣቸው። አቶ አጥናፉ ግን አልሳቁም። እንዲያውም ትምህርቱን ጀመሩ፤ አውቶማቲክ ለሰነፍ ነው የተሠራው፤ አውቶማቲክ ነዳጅ ይጠጣል፤ አውቶማቲክ የያዘ ሰው ነጂ አይደለም፣ ተሳፋሪ ነው። ልሳኑ ለእያንዳንዱ አንድ ነገር ይመልሳል፤ «ማርሽ ሲለውጡ የሚያባክኑትን ጊዜ ያተርፋሉ»፣ «ፍሪሲዮን የለ፣ የፍሪሲዮን ሸራ አይበላም፣ ወጪ ይቀንሳል።» ወጪ የሚለው ቃል ሲነሳ አቶ አጥናፉ ለስለስ አሉ። አገጫቸውን እያሻሹ አውቶማቲኳን በሌላ ዓይን ያዩዋት ጀመር። ልሳኑም ቀና አለ። አሸነፍን ብዬ ነበር።

ኑረዲን ግን ሐቀኛ ነጋዴ ሆነና ጉድ ሠራን።

«ጋሼ፣ ኋላ አልነገረኝም እንዳይሉኝ» አለ። «አገራችሁ ብርድ ነው። አውቶማቲኳ ባትሪዋ ከሞተ ተገፍታ አትነሳም። በየጊዜው ደህና ባትሪ ግድ ይላታል። ማኑዋሏ ግን ባትሪዋ ቢደክምም ተገፍታ ትነሳለች።»

«አትገፋም? በጭራሽ?»

«አገር ቢገፋት አትነሳም።»

አቶ አጥናፉ ከአውቶማቲኳ ዘለው ወረዱ። «በቃ! ማኑዋሏን ነው የምገዛው!»

«ጋሼ» አለ ልሳኑ፣ ድምፁ ሰለል ብሎ፣ «ማኑዋሏንም ቢሆን እኮ ደህና ባትሪ ቢገዙላት...»

አቶ አጥናፉ ከት ብለው ሳቁና የልሳኑን ትከሻ መታ መታ አደረጉት። «ምን ነካህ ልሳኑ! ጎረቤት እያለ ባትሪ? ባትሪ ያልቃል፤ ጎረቤት አያልቅም!»

ይህን ሲሉ ክፋት አልነበረባቸውም፤ እንዲያውም ያመሰገኑን መስሏቸዋል። እኔን ግን ደሜ ነው የፈላው። ልሳኑ አንገቱን ደፋ።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። ኑረዲን ወረቀት አውጥቶ ውሉን ጻፈና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ሻጭ እገሌ፣ ገዢ እገሌ፣ መኪናዋ ማኑዋል። «ከመኪናዋ ጋር የተሸጡ ዕቃዎች፤ ክሪክ፣ ትርፍ ጎማ፣ የጎማ መፍቻ። በዚህ ውል ላይ የፈረሙ ምስክሮች...» አለና ወረቀቱን ወደ እኛ ገፋው።

ብዕሩ መጀመሪያ የደረሰው ለልሳኑ ነው። ያዘው፤ ወረቀቱን አየው፤ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ኑረዲን፣ ውሉ ጎዶሎ ነው።»

«ምኑ ጎደለ?»

«እኛ አልተጻፍንም።»

«እንዴት አልተጻፋችሁም? ይኸው፣ ታች፣ ምስክሮች የሚለው ጋ ፈርሙ እንጂ።»

«እዚያማ አይሆንም፤ ከላይ፣ ከክሪኩ ቀጥሎ ጻፈን። ጋሼ አጥናፉ ‹ጎረቤት እያለ ባትሪ› ሲሉ አብረን ሰምተናል። እንግዲህ የዚህች መኪና ባትሪ እኔና ይሄ ጓደኛዬ ነን፤ ባሻ ደግሞ ክላክሱ ናቸው። የመኪና ዕቃ ከመኪናው ጋር አብሮ ይሸጣል እንጂ፣ ለሽያጩ ምስክር ሆኖ ሲፈርም የት አገር አይታችኋል?»

ኑረዲን የጎነጨው ሻይ በአፍንጫው ወጣ። ባሻ በየነ እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ውስጥ መለስ አድርገው «እውነቱን ነው፤ ክላክስ አይፈርምም» አሉ። እኔም ብዕሩን በጣቴ ገፋሁት።

አቶ አጥናፉ ፊታቸው ቀላ። «ተዉት! አገሩ ሙሉ ሰው ነው፤ ምስክር እናንተ ብቻ ናችሁ?» አሉና አጠገባችን ሻይ የሚጠጡትን ሰዎች ጠሩ። «ወንድሞቼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ፈርሙልኝ።»

ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፤ ወንበራቸውን ይዘው መጡ። ልሳኑም ከተቀመጠበት ተነስቶ በአክብሮት ቦታ ለቀቀላቸው።

«ኑ፣ ኑ፣ ቁጭ በሉ። ቤታችሁ ሩቅ ነው?»

«አይ፣ እዚሁ ጀርባ ነን።»

«ተመስገን፣ ለጋሼ ቅርብ ናችሁ። ማለዳ ትነሳላችሁ? ወገባችሁስ ደህና ነው?»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው አቶ አጥናፉን ከባርኔጣቸው እስከ ጫማቸው አየና ወደ ጓደኛው ዘንበል ብሎ «እኚህ እኮ በየጠዋቱ ‹ግፉኝ› የሚሉት ሰውዬ ናቸው» አለው። ቀስ ብለው ተነሱ፣ «ይቅርታ አባባ፣ ሻያችን ሊቀዘቅዝ ነው» ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ኑረዲን ብዕሩን ከደነው። «ጋሼ፣ እኔ ያለ ምስክር መኪና አልሸጥም።»

አቶ አጥናፉ በመስኮቱ መኪኖቹን አዩ። ከዚያ ልሳኑን አዩት፤ ወገቡ ላይ ያሰረውን ነጠላ ያን ጊዜ ገና ልብ ያሉት ይመስለኛል።

«ልሳኑ፣ ያምህ ነበር እንዴ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«ጎረቤት ግፉኝ ሲል ወገቤን አመመኝ ይባላል እንዴ ጋሼ?»

አቶ አጥናፉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ሰውዬው አፍረው ሳያቸው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አሳዘኑኝ። ከዚያ ወደ ኑረዲን ሳያዩ፣

«አውቶማቲኳን ጻፋት» አሉ። «ባትሪም ጨምርበት። አዲስ ባትሪ።»

ኑረዲን የመጀመሪያውን ወረቀት ቀዶ ሌላ ጻፈ። ገና አንብቦ ሳይጨርስ ልሳኑ እጁን ዘረጋ።

«ብዕሩን ወዲህ በለው» አለ፣ «አሁን ሰው ሆኜ ልፈርም።»