«ደህና ናቸው» ያለችው ነርስ

አንዲት ነርስ ነበረች። ሰነፍ አልነበረችም፤ ልበ ደንዳናም አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ታሪኩ ሳያልቅ ፍርዱን የሚጨርስ ሰው ከመካከላችን እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው።

ይህች ነርስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምራ ዐሥራ አራት በሽተኞች ስታገላብጥ፣ ቁስል ስትጠርግ፣ መድኃኒት ስትሰጥ ውላለች። ከዐሥራ አራቱ አንዷ፣ አልጋ ቁጥር ሰባት ላይ የተኙት፣ እማማ ደብሪቱ ነበሩ። ረፋዱ ላይ ሆዳቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል።

እማማ ደብሪቱ «እንዴት ነዎት?» ላላቸው ሰው ሁሉ አንድ መልስ ነበራቸው። ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲወሰዱ «ደህና ነኝ ልጄ፣ ይመስገን» ብለዋል። ሐኪሙ ቁስላቸውን ሲነካካም እንባቸው በጆሯቸው በኩል እየወረደ «ደህና ነኝ» ብለዋል። እናቶቻችንን ታውቋቸው የለም? ሕመማቸውን መናገር ፈጣሪን ማማት ይመስላቸዋል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃ ጠየቁ። ከቀዶ ሕክምና የወጣ ሰው ይጠማል፤ ነርሷ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጥጥ አራሰችላቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግመው ጠየቁ። ዐሥር ሰዓት ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁ እጃቸውን ያዘችው፤ ቀዝቅዟል። የደም ግፊታቸውን ለካች፤ ከጠዋቱ ወረድ ብሏል፣ የሚያስደነግጥ ግን አልነበረም። የልብ ምታቸው ፈጠን ብሏል። «ትንሽ ቆይቼ ደግሜ አየዋለሁ» ብላ አሰበች። የበሽተኛዋ መዝገብ ሐኪሙ ጋ ስለነበረ ቁጥሩን በእስክሪብቶ መዳፏ ላይ ጻፈችው። ወዲያው ከድንገተኛ ክፍል አዲስ በሽተኛ መጣ። ደግማ አላየችውም።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። የርክክብ ሰዓት ነው። ተተኪዋ ሲስተር ትርንጎ ጋውኗን ለብሳ መጣች፤ የሠራተኞቹ ሰርቪስ በሩ ላይ ቆሞ ክላክሱን ይነፋል። ሁለቱ ከአልጋ ወደ አልጋ እየሄዱ መረካከብ ሲገባቸው የክፍሉ በር ላይ ቆመው ተረካከቡ። ስድስት ቁጥር ነገ ይወጣል፤ ስምንት ቁጥር መርፌ አለው።

«ሰባትስ?» አለች ትርንጎ።

ነርሷ ቀና ብላ ከሩቅ ጠየቀቻቸው። «እማማ፣ እንዴት ነዎት?»

የአሮጊቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። «ደህና… ይመስገን።»

«ደህና ናቸው» አለች ነርሷም፤ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ሰርቪሱ ግቢውን ሊወጣ ሲል ዘበኛው ጋሽ ጓንጉል በመስኮቱ በኩል «ሲስተር፣ ደህና ዋልሽ?» አሏት። «ደህና፣ ይመስገን» አለች እጇን አንሥታ። እግሯ አብጧል፤ ከቀትር ጀምሮ ራሷን እየፈለጣት ነበር። ግን ደህና ናት! በገዛ ቃሏ ሳትገረም አልቀረችም። ያን ጊዜ ያነሣችውን እጇን አየችው። ቁጥሩ እዚያው መዳፏ ላይ ነበር፣ በላብ ደብዝዞ።

ርክክብ ማለት ከእጅ ወደ እጅ ማለት አይደለምን? አደራው ግን በእጇ ቀርቶ ነበር።

ሹፌሩን አቁምልኝ አለችው። «ከወረድሽ አልጠብቅሽም» አላት፤ «ይሄ ሰርቪስ ነው እንጂ ባልሽ አይደለም።» ሰው ሳቀ። እሷ ወረደች።

እየሮጠች ተመለሰች፤ የክፍሉ በር ጋ ስትደርስ ግን እግሯ ተያዘ። ለምን? ይህን ልብ በሉ። ብትናገር መርሳቷ ይገለጣል። በሩ ላይ ቆማ ያልሆነውን ሆነ ማለቷ ይታወቅባታል። ዝም ብትል ደግሞ ምናልባት አሮጊቷ በእርግጥ ደህና ይሆናሉ፤ ማንም አያውቅም። በአንድ በኩል ክብሯ፣ በአንድ በኩል የአንዲት እናት ነፍስ። ስንቶቻችን ነን ከዚያ በር ላይ የተመለስነው?

እሷ ገባች።

«ትርንጎ፣ ሰባት ቁጥር ደህና አይደሉም። ከዘጠኝ ሰዓት ወዲህ ሦስት ጊዜ ጠምቷቸዋል። ጠዋት መቶ ሃያ አምስት የነበረው ግፊታቸው ዐሥር ሰዓት ላይ መቶ አምስት ነበር፤ እጃቸው ቀዝቅዟል። ደግሜ ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም። ወደ ውስጥ እየደሙ እንዳይሆን እፈራለሁ። አሁን እንለካቸው፤ ሐኪሙም ይጠራ።»

ትርንጎ አልተቆጣችም። የሰማችውን መልሳ አንድ በአንድ ተናገረችው። «ሦስት ጊዜ ጠምቷቸዋል። መቶ አምስት። እጃቸው ቀዝቅዟል። አንቺ ደግመሽ አላየሽም።»

«አላየሁም» አለች ነርሷ።

ግፊታቸውን ሲለኩት ሰባ ነበር። ሐኪሙ በሩጫ መጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሆዳቸው እንደገና ተከፈተ፤ የምትደማ አንዲት የደም ሥር ተገኝታ ታሰረች። እማማ ደብሪቱ ተረፉ።

በሦስተኛው ቀን ነርሷ አልጋቸው ላይ ተቀመጠች፤ እጃቸውን ይዛ «እንዴት አደሩ፣ እማማ?» አለቻቸው።

«ደህና…» ብለው ጀመሩና ፊቷን አዩት። «ለአንቺስ አልዋሽም፤ ጎኔን እንደ ፍም ያቃጥለኛል።»

ነርሷ ሳቀች፤ ዐይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። «እንደዚያ ይበሉኝ እማማ። እንደዚያ ይበሉኝ።»

ወገኖቼ፣ አሁን ከእናንተ አንዱ «የዛሬ ነርሶች ግዴለሾች ናቸው» ሊል አፉን ሲያዘጋጅ ይታየኛል። ይዝጋው! እሷ ከሰርቪስ ወርዳ ተመልሳለች። አንተ ከምን ላይ ወርደህ ታውቃለህ?

ባለፈው ክረምት ከዚህች ቤተ ክርስቲያን አንዲት መበለት ታማ ቤቷ ተኝታ ነበር። የሚጠይቋት ሁለት ቡድኖች ነበሩ። አንዱ ተራውን ሲያስረክብ «እንዴት ናት?» ተባለ፤ «ደህና ናት» አለ። ተቀባዩም ደስ አለው፤ ደህና የሆነን ሰው መጎብኘት ምን ያስቸኩላል? ሦስት ሳምንት ማንም በሯን አላንኳኳም። ለመሆኑ በዓይኑ አይቷት የነበረ ማን ነው? መረሳቷ የታወቀ ዕለት ይህን ስጠይቅ ሁላችሁም መሬት መሬቱን አያችሁ። እኔም አብሬ አየሁ፤ ሳያዩ «ደህና ናት» ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩና።

«ደህና» ሰላምታ ነው፤ መረጃ አይደለም። ለሰላምታ ያማረ ቃል ነው፣ አልነቅፈውም። ለአደራ ግን አይበቃም።

ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን አደራ ሲሰጥ ተመልከቱት። በዚያ ሁሉ ሥቃይ ውስጥ ተቻኩሏል? እናቱን ለይቶ አሳየ፤ ተቀባዩን ለይቶ ተናገረ። ወዳጁ ደቀ መዝሙርም ሰማ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት። የፍቅር ርክክብ ይህን ይመስላል፤ ሰጪው ይናገራል፣ ተቀባዩ ሰምቶ ይወስዳል።

እናንተስ? መዳፋችሁ ላይ ተጽፎ የቀረ ማን አለ? የጎረቤት ልጅ ትምህርት ማቆሙን አይታችኋል፤ ለማን ነገራችሁ? የወንድማችሁ ሳቅ መለወጡን አይታችኋል፤ «ደግሜ አየዋለሁ» ብላችሁ ነበር። አያችሁት?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ደጃፉ ላይ ትሳሳማላችሁ። «እንዴት ናችሁ?» «ደህና፣ ይመስገን።» ያን ጊዜ እጃችሁን ቶሎ አትልቀቁ። ያዙት። ቀዝቅዞ እንደሆነ እዩት። ሁለተኛውን መልስ ጠብቁ።