ሳይፈቀድላቸው የተቀመጡት ሽማግሌ

ደብረ ሲና ታች ሰፈር፣ ቤት የሚሠራ ሰው ጠጠር ሊያራግፍ ሲል አላፊ አግዳሚው አንድ ተረት ሳይወረውርበት አያልፍም። ብዙው ሰው የግንበኛ ምክር ይመስለዋል። እማማ እንጉዳይ ግን በሰሙት ቁጥር ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው ይስቃሉ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ተረቱ ሲወለድ በመስኮት ያዩ ነበርና። ዛሬ ያ ግቢ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ተረቱን የተናገሩትም፣ ከእሳቸው በቀር የሰሙትም አልፈዋል።

ያን ጊዜ ገና እማማ አልተባሉም፤ የሃያ ዓመቷ እንጉዳይ ነበሩ። ግቢያቸው ተዳፋት ላይ ስለሆነ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ድንጋይ በሚወጣበት ካባ ላይ በመዶሻ እየሰበረ የሚተዳደር ይፍሩ የሚባል ጎረምሳ ይወዳታል፤ እሷም አልጠላችውም። አንድ ቀን ራሱ የሰበረውን ጠጠር በአህያ አስጭኖ፣ ጭቃውን እንዲያለብሱበት ደጃቸው ላይ አራገፈ።

አባቷ አቶ ጥላዬ አንዱን አንስተው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ይሄ እግር ይበላል እንጂ ግቢ አያሳምርም» አሉ። «እንደ ሰባሪው ሻካራ ነው። ልጄንም ለድንጋይ ሰባሪ አልሰጥም።»

የይፍሩን ጠጠር ከበሩ ውጭ ባለው አቀበት ላይ አስበትነው፣ ለግቢያቸው ከቆላ ወንዝ ድብልብል ጠጠር አስመጡ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ዝናብ ሲያርፍበት ነጩም ቀዩም እንደ ጨሌ ያብረቀርቃል፤ ጎረቤት በአጥር ቀዳዳ ያየው ነበር። እንጉዳይን ግን በረገጠችው ቁጥር የአባቷን እምቢታ ያስታውሳታል።

ነሐሴ ላይ ይፍሩ ሦስት ሽማግሌ ላከ። አለቃቸው አቶ ወልደአማኑኤል ሰባ አልፏቸዋል፤ ሆኖም የውጩን አቀበት፣ ያውም በዝናብ፣ ከዘራቸውን ሳይመረኮዙ ወጡት። ገብተው ግቢው መሃል ቆሙ። አቶ ጥላዬ «አረፍ በሉ እንጂ» ሲሏቸው፣ አለቃው እንደ ደንቡ «የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብለው አንድ እርምጃ ወደ ፊት አሉ። ጠጠሩ ከእግራቸው ሥር ሸሸ። አቶ ወልደአማኑኤል ከነጋቢያቸው ዘጭ አሉ።

መስኮቱ ላይ ሆና የምታየው እንጉዳይ አማተበች። ሽማግሌ የወደቀበት ጋብቻ ገዱ ምን ሊሆን ነው?

«ምነው አቶ ወልደአማኑኤል፣ ሳይፈጸም አንቀመጥም አላሉም ነበር?» አሉ አባቷ ሳቅ እያፈናቸው።

«እኔ መች ተቀመጥኩ። ያስቀመጠኝ ጠጠርዎ ነው።»

አቶ ጥላዬ ሊያነሷቸው ሮጡ። ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ እሳቸውም አጠገባቸው ተዘረጉ። ሁለቱም ጎን ለጎን ዝናብ እየመታቸው እስኪደክማቸው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ አቶ ጥላዬ በበሩ ወደ ውጭ ተመለከቱ።

«ያን አቀበት ታዲያ እንዴት ወጣችሁት?»

«በይፍሩ ጠጠር ላይ ነዋ። ጠርዝ ለጠርዝ ተናክሶ፣ ክረምቱን ሙሉ ንቅንቅ አላለም።»

አቶ ጥላዬ ከሥራቸው አንድ ድብልብል ጠጠር አንስተው ወረወሩ። ከዚያ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ «ለልጁ ንገሩት» አሉ። «መጥቶ ይሄን ግቢ ያልብሰው። ልጄንም ሰጥቼዋለሁ።»

ልጅቱን ለይፍሩ ይስጡ እያሉ ዓመት ሙሉ ሲለምኗቸው የከረሙት ባለቤታቸው ከደጃፉ ብቅ አሉ። «ኧረ ዛሬ ምን ተገኘ?»

አቶ ወልደአማኑኤል ጋቢያቸውን እያራገፉ መለሱላቸው፦ «ወንዝ ያለሰለሰው ይንከባለላል፤ መዶሻ የሰበረው ይያያዛል።»