ሳሎኑን ከኩሽና የለየው ግድግዳ

ምላሷ ከመዶሻዋ የሚብስ አንዲት ግንበኛ ነበረችላችሁ። የአቶ ጓንጉልን ፎቅ ቤት ስትሠራ፣ እኚህ ሀብታም ጣሊያን አገር አሥር ቀን ሰንብተው ተመለሱና ወዳጆቻቸውን አስከትለው ከተፍ አሉ።

«አንቺ! ሳሎንና ኩሽና በግድግዳ ይለያል? ፈረንጅ አገር አንድ ላይ ነው የሚሠራው፤ ወጡ የሚበስለው እንግዳው ፊት ነው! ዛሬውኑ አፍርሺው፣ እንቢ ካልሽ ሥራሽን ለቀሽ ውጪ!»

ወይ ጉድ! ሳምንት ሙሉ ወገቧ እስኪቆረጥ የገነባችው ግድግዳ እኮ ነው። ላቧን ጠረግ አድርጋ ፈገግ አለች።

«አፈርሰዋለሁ፣ ጋሼ። ብቻ ሽንኩርቱ ሲከተፍ፣ በርበሬው ሲቁላላ፣ ሳሎን የተቀመጠው እንግዳ ሁሉ እንባውን ያዘንባል። ያን ጊዜ የዕድሩ ሰዎች እርስዎ የሞቱ መስሏቸው ድንኳን ተሸክመው ሲመጡ፣ ራስዎ ወጥተው ይመልሷቸው!»

ወዳጆቻቸው በሳቅ ሲንከተከቱ፣ አቶ ጓንጉል «በይ ለስኚው!» ብለው ሹልክ አሉ።