የሁለት መንደር ማረሻ

በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ለአንድ ሥራ ሲስማሙ፣ ሽማግሌ ሳያሳስባቸው የማያልፈው ቃል አለ። የቃሉ መነሻ ክፉ ዘመን ነው።

ሁለት ክረምት ዝናብ ቀረ። ከብት አለቀ። ተረፈለት የተባለውም አንድ በሬ ቢያስቀር ነው። በሦስተኛው ዓመት ሰማዩ ሲጠቁር፣ ባለ አንድ በሬ ሁሉ እንደ ልማዱ በሬውን የሚያጣምረው ሰው፣ መቀናጆ፣ ፍለጋ ወጣ።

የላይ አምባው ጫኔና የታች አምባው ፈንቴ ገበያ ላይ ተገናኙ። ጫኔ ማረሻውን በችግሩ ሸጦ በልቶታል፤ የቀረው ከአባቱ የወረሰው እርፍና ሞፈር ነው። ፈንቴ ደግሞ እንጨቱን አንድዶ ብረቱን አስቀርቷል።

"እንጨት ካንተ፣ ብረት ከእኔ" አለ ፈንቴ።

"በሬ ከሁለታችን" አለ ጫኔ። ተሳስቀው ተለያዩ።

ዝናቡ መጣ። በሬዎቹን አቀናጅተው ማረሻውን ከእርፉ ጫፍ ሊሰኩት ቢሉ አልገባ አለ። የላይ አምባ ቀጥቃጭ የማረሻውን አፍ ሰፊ፣ የታች አምባው ጠባብ አድርጎ ነበር የሚሠራው። ሁለቱም ልኩን የወረሱት ከአያት ነው።

"እርፉን ጥረበው" አለ ፈንቴ።

"ከጠረብሁት ነገ የመንደሬ ማረሻ ይዋልልበታል። አንተ ብረትህን አስፋው።"

"የእኛ ቀጥቃጭ የላዮችን ልክ አይነካም።"

"አባትህም የአባቴን በሬ ተውሶ ገደል ሰደደው፤ እስከ ዛሬ አልተካም። ዘራችሁ መውሰድ እንጂ መስጠት አያውቅም!"

ነገሩ እውነት ነበር። ፈንቴ በሬውን ፈትቶ ሄደ።

የጤፍ ጊዜ እንዲህ አለፈ። በየቤታቸው የቀረው ጥቂት ዘር ነው፤ እሱንም የራባቸው ልጆች ዐይናቸውን ጥለውበታል።

አያ ይርሳው የሚባሉ ሽማግሌ ይህን አይተው ሁለቱን ቀጥቃጮች አስጠሩ። እሳቸው ራሳቸው ከወይራ አንድ ጉማጅ ጠርበው አቀረቡላቸው። የላዩም የታቹም ልክ አይደለም።

"ከእንግዲህ ማረሻም እርፍም በዚህ ልክ ይሠራ" አሉ።

"የአያቴን ልክ ልተው?" አለ የላዩ ቀጥቃጭ።

"አያትህ ጠግቦ ነው የሞተው። እኛም ጠግበን እንድንሞት ፍቀድልን።"

ቀጥቃጩ ሳቁ አመለጠውና ጉማጁን ተቀበለ። የፈንቴ ብረት ጥቂት ሰፋ፣ የጫኔ እርፍ ጥቂት ተጠረበ። ገባ። ጤፉ ቢያመልጣቸውም ለሽምብራ ደረሱ፤ በዚያችው ሽምብራ ሁለቱ ቤቶች ሳይበተኑ ከረሙ። ጉማጁም ለሁሉም መለኪያ እንዲሆን ገበያው ዳር ካለው ዋርካ ላይ ተሰቀለ።

ከዓመታት በኋላ ፈንቴ አንድ ወይፈን እየነዳ ከጫኔ ደጅ ደረሰ። አያ ይርሳውም እዚያ ተቀምጠው ነበር።

"ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ ጫኔ።

"የአባትህ በሬ።"

ጫኔ ወይፈኑን ዞሮ አየው። ጀርባውን ዳሰሰውና "እንግዲህ ባለ ጥማድ ሆንኩ፤ መቀናጆው ቀረብን" አለ።

"ይቅር። ማረሻህ ሲሰበር ግን ና፤ የእኔው ይገባልሃል።"

አያ ይርሳው ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡና እንዲህ አሉ፦ "በሬ ሳታቀናጅ ልክ አቀናጅ።"